ወረንጦና መርፌ፦ በጣና ዙሪያ የዓይን ማዝ ሕክምና ታሪክ

የኮርኒያ ሐኪም ተብሎ የሚታወቀው ባለሙያ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የዓይንን የፊት መስኮት የሚጠብቅ ሰው ነው። በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ግን የሙያው ታሪክ ከስሙ ጋር አይገጥምም። በዚህ አካባቢ ኮርኒያን ከጠባሳ ለማዳን የተደረገው ትልቁ ሥራ በኮርኒያው ላይ ሳይሆን በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ የተሠራ ነው። ከሠሪዎቹም የሚበዙት የዓይን ሐኪሞች ሳይሆኑ ነርሶች ናቸው። የዚህ መነሻ የበሽታው ጠባይ ስለሆነ አስቀድሞ እሱን ማየት ያስፈልጋል።

ኮርኒያ የደም ሥር የሌለው፣ እንደ መስተዋት የጠራ ሕብረ ሥጋ ነው። በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ጠባሳ የመልክ ጉዳይ ሲሆን በኮርኒያ ላይ ግን የብርሃን ጉዳይ ይሆናል፤ የቆሰለ ኮርኒያ ሲሽር ነጭ ጠባሳ ይተዋል፣ ነጩም ከጊዜ ብዛት የማየትን በር ይዘጋል። ትራኮማ፣ በሕዝቡ አነጋገር የዓይን ማዝ፣ ወደ ኮርኒያ የሚደርሰው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ተዋሲ በሕፃንነት ይጀምራል፤ ከእጅ ወደ ዓይን፣ ከነጠላ ጫፍ ወደ ዓይን፣ በዝንብ እግርም እየተላለፈ የቆቡን ውስጠኛ ሽፋን ደጋግሞ ያስቆጣል። ቁጣው በየጊዜው ሲሽር ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫውን ይስትና ኮርኒያውን ይፍቃል። ሰው በቀን ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ቢታሰብ፣ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቀላል የደረጃ አመዳደብ የበሽታው ምልክቶች አምስት ሲሆኑ፣ የሽፋሽፍት መቀልበስ አራተኛው፣ የኮርኒያ ጠባሳ አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ያለው ርቀት የዚህ ታሪክ ሁሉ መስክ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ኮርኒያ በአማርኛ የራሱን ስም ገና አላገኘም። ጋዜጦችና ራዲዮኖች «የዓይን ብሌን» ሲሉት ይሰማል። ነገር ግን ብሌን በጥንቱ አነጋገር መካከለኛው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ሰው እጅግ የሚሳሳለትን ነገር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል ሲባል የሚታሰበውም እሱ ነው። ቅኔ የሚቆጠርበት፣ መጽሐፍ የሚተረጎምበት፣ ሊቁን «አራት ዓይና» ብሎ የሚያከብር አገር ለዓይን ክፍሎች ስም ይቸግረዋል ማለት ስለማይቻል፣ ተስማሚው ቃል ከባለሙያዎቹ ራሳቸው ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ ኮርኒያ ማለቱ ግልጽነት አለው።

ለተቀለበሰው ሽፋሽፍት ግን ሕዝቡ ከሐኪም በፊት መሣሪያ አግኝቶለታል፤ እሱም ወረንጦ ነው። ወረንጦ በገጠር ቤት እሾህ ማውጫ ነው፤ ዓይኗን የሚቆረቁራት እናት ደግሞ ልጇን ወይም ጎረቤቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ጥፋተኛዋን ፀጉር ታስነቅልበታለች። ይህ ዘዴ ዕድሜው ረጅም ነው። ኤበርስ በመባል የሚታወቀው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፅ የሕክምና ጥቅል፣ ወደ ዓይን የሚገባ ፀጉርን ስለመንቀል ይናገራል። ከግብፅ ጋር ያለው ዝምድና በዚህ አያበቃም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ናፖሊዮንን ተከትለው ወይም ናፖሊዮንን ሊወጉ ግብፅ የገቡት የአውሮፓ ወታደሮች የዓይን በሽታ ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተውና ኋላ ሙርፊልድስ የተባለው የዓይን ሆስፒታል ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወረርሽኝ ነበር። የበሽታው ምክንያት ግን ለረጅም ዘመን ተሰውሮ ቆየ። ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1907 በጃቫ ደሴት በሕመምተኞች ሕዋሳት ውስጥ የተዋሲውን ጥርቅም በማጉያ መነጽር አዩ፤ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን በ1957 በቤጂንግ ተዋሲውን በእንቁላል ውስጥ ለማሳደግ ቻለ። በአውሮፓ ግን መድኃኒቱ ሳይገኝ፣ ኑሮ ሲሻሻል፣ በሽታው በራሱ እየተመናመነ ሄዷል።

በጣና ዙሪያ ኮርኒያን የጎዳው የዓይን ማዝ ብቻ አልነበረም። ፈንጣጣ የብዙዎችን ዓይን አጥፍቷል፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ በቤተ መንግሥቱ በመጀመሪያ የተፈለገው የፈንጣጣ ሕሙማንን እንዲያክም ነው። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ከተመዘገበ በኋላ ጠፍቷል። ኩፍኝ ከቫይታሚን ኤ እጥረት ጋር ተዳምሮ የሕፃናትን ኮርኒያ ያቀልጣል፤ በአጨዳና በውቂያ ወራት የገለባ ስባሪ ወይም የእሾህ ጫፍ ዓይን ይወጋና ቁስል ይፈጥራል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የዓይን ማዝ የሚለየው ቀስ ብሎ፣ በቤት ውስጥ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት ስለሚሄድ ነው።

የሐይቁ ቅርበት እንግዳውን ሊያሳስት ይችላል። ይህን ያህል ውኃ ባለበት አገር ፊት የመታጠብ ችግር ሊኖር አይገባም ያሰኛል። ይሁን እንጂ ውኃው ያለበት ቦታና ውኃው የሚውልበት ጉዳይ የተለያዩ ናቸው። እናት በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው እንስራ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለጠላ ሲከፋፈል ለሕፃኑ ፊት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጋምቢያ የተደረገ ጥናት ያሳየው ነገር ይኸው ነበር፤ የውኃው ምንጭ ርቀት እኩል በሆነባቸው ቤተሰቦች መካከል እንኳ በሽታው የሚለያየው ለልጆች መታጠቢያ በሚመደበው መጠን ነበር።

የዘመናዊ ሕክምና ሙያተኛ በብዛት ወደ አካባቢው የመጣው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። በዓመቱ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ነው፤ ማለትም አንዱ ሲያክም፣ ሁለተኛዋ በየቤቱ እየገባች ስትመክር፣ ሦስተኛው መጸዳጃ ጉድጓድና ምንጭ ሲያስጠብቅ በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ነበር። ያ ሐሳብ ከዘመኑ የቀደመ እንደነበር አሁን መናገር ይቻላል፤ የዓይን ማዝን ለመከላከል ኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ ስልት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስልቱ በእንግሊዝኛ ፊደላቱ «ሴፍ» ተብሎ ይጠራል፤ አራት ክንዶች አሉት፤ እነሱም ቀዶ ጥገና፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ኅብረት በሽታውን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ለማውጣት 2020ን ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር፤ ቀነ ገደቡ ኋላ ወደ 2030 ተሸጋግሯል። በዚህ መሐል ኦማን፣ ሞሮኮ፣ ጋናና ጋምቢያ የመጨረሻውን ማረጋገጫ አግኝተዋል። የአማራ ክልል ሸክም ግን ከነዚህ አገሮች ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

የሸክሙ ልክ በግልጽ የታወቀው በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ሥውርነትና የትራኮማ ጥናት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሲሆን፣ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ በሁለተኛነት 11.5 በመቶውን ያዘ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 40 በመቶ ሲሆኑ በአማራ ክልል 62.6 በመቶ ደርሰው ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው የክልሉ ነዋሪዎች ውስጥ ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው 5.2 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ጠፍቷል ለማለት የሚጠይቀው ከ0.2 በመቶ በታች መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ያህል ሕዝብ የሚያክሙ የዓይን ሐኪሞች አልነበሩም፤ የነበሩት ጥቂቶችም የሚበዙት አዲስ አበባ ነበሩ። በመሆኑም ነርሶችን ለጥቂት ሳምንታት አሠልጥኖ ቀዶ ጥገናውን በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ማድረግ ታሰበ። እነዚህ የተቀናጀ የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ይባላሉ። በሙያው ውስጥ ይህን በጥርጣሬ የተመለከተ ሰው አልጠፋም፤ የዓይን ቢላዋ ለሐኪም ብቻ የሚሰጥ ነው የሚለው ስሜት በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ወንድሙ ዓለማየሁና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ከስሜት አውጥቶ በመለኪያ ላይ አኖረው። በኢትዮጵያ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን የዓይን ሐኪሞች፣ ሌላውን ወገን የሠለጠኑት ባለሙያዎች እንዲሠሩት አደረጉ፤ በውጤቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ ወዲያ ክርክሩ ማን ይሥራ ከሚለው ወደ እንዴት ይሠራ ወደሚለው ዞረ። ይህ መዞር ለሙያው ትልቅ እርምጃ ነበር።

እንዴት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም ቀዶ ጥገናው ይከሽፋል። ቆቡ ከተስተካከለ በኋላ ሽፋሽፍቱ ዳግመኛ የሚቀለበስባቸው ሰዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ለአንዲት የገጠር እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። የእርሻና የቤት ሥራዋን ትታ፣ የሚያጅባት ሰው ለምና፣ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ መርፌና መቀስ ችላ፣ በዓመቱ ያው መቆርቆር ይመለሳል። ዳግመኛ እንድትመጣ የሚጠይቃት ሰው ምን ብሎ ያሳምናታል? ጎረቤቷስ እሷን አይታ ምን ትወስናለች? በዘመቻ የተሠራው ቀዶ ጥገና በቁጥር ብቻ ሲነገር ይህ ጉዳይ ይሸፈናል።

ሽፋኑን የገለጠው ሥራ የተካሄደው በምዕራብ ጎጃም ገጠሮች፣ ባሕር ዳርን መናኸሪያ አድርጎ ነው። ማቲው በርተን በለንደን የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የዓለም አቀፍ የዓይን ጤና ተመራማሪ፣ ቀደም ሲል በተጠቀሰው በሙርፊልድስም የኮርኒያ ሐኪም ነው። ቀደም ብሎ በጋምቢያ ስለ ትራኮማ ሲመራመር ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመለሰውን የሽፋሽፍት መቀልበስ አይቶ ነበር። ከዓይን ሐኪሙ ሳውል ራጃክና ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙ ጋር፣ በክልሉ ከሚሠሩ ባለሙያዎችም ጋር በመሆን በ2000 ዓ.ም. አጋማሽ ሁለት ጥናቶች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። ለእያንዳንዳቸው 1,300 ሰዎች ተመዝግበዋል።

የመጀመሪያው ጥናት ስለ ክር ነበር። ጉዳዩ ላላየው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። በሐር ክር የተሰፋ ቆብ ከቀናት በኋላ ክሩ እንዲነቀል ይፈልጋል፤ ይህም ሕመምተኛዋን ዳግመኛ መንገድ ያስወጣል። በራሱ የሚሟሟው ክር ግን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ጥያቄው የሚሟሟው ክር ቆቡን በያዘበት መልክ ያጸናዋል ወይ የሚል ነበር። በዓመቱ ሲታይ በሁለቱም ወገን ከአምስት ሰዎች የአንዱ ያህል ሽፋሽፍት ተመልሶ ተገኘ፤ በክሮቹ መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረም። ለጤና ጣቢያዎች ይህ ጠቃሚ ዜና ነው፤ ይሁንና ከዜናው ይልቅ የሚከነክነው የቁጥሩ ትልቅነት ነው። ሠሪዎቹ የሠለጠኑ፣ ሥራቸውም በቅርብ የሚታይ ሆኖ ሳለ ከአምስት አንዱ ከተመለሰ፣ ማንም በማያየው ዘመቻ ውስጥ ምን ያህሉ ይመለስ ይሆን የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መጣ።

ሁለተኛው ጥናት ወረንጦን ወደ ሳይንስ መድረክ ያወጣ ነው። ጥቂት ፀጉሮች ብቻ የተቀለበሱባቸው፣ ከስድስት በታች ማለት ነው፣ ሁሉም በመርፌና በመቀስ መታከም አለባቸው ወይ? ከ1,300ዎቹ ግማሾቹ ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ግማሾቹ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ወረንጦ ተሰጣቸው፤ በቅርብ የሚያይ ዓይን ያለው የቤተሰብ ወይም የጎረቤት ሰውም መርጠው አነቃቀሉን እንዲማር ተደረገ። በሁለት ዓመት ሲመረመሩ ሕመሙ የከፋባቸው ከነቃዮቹ ወገን 13 በመቶ ያህል፣ ከቀዶ ጥገናው ወገን 2 በመቶ ያህል ነበሩ። በዚህ በኩል ቢላዋው በለጠ። በማየት ችሎታና በኮርኒያው ጠባሳ ላይ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ጥንቃቄ ያለበት ነው፤ ቀዶ ጥገና ከሌለ ወይም ሕመምተኛው ካልፈለገ፣ ጥሩ ወረንጦና የሠለጠነ እጅ ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው የሚል። በተጨባጭ ግን ይህ ጥናት ለዘመናት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ሲታይ የኖረውን የእናቶች ጥበብ በለካ መልክ ወደ ሕክምና መጽሐፍ አስገብቷል። የተለመደው የቤት ወረንጦ ብዙ ጊዜ ፀጉሩን ከሥሩ ሳይነቅል ስለሚሰብረውና ስብርባሪውም ይበልጥ ስለሚወጋ፣ መሣሪያው ጥሩ መሆን አለበት የሚለው ነገር ተራ ማሳሰቢያ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ የቆረጣው ዘዴ ነበር። የቆብን ጠርዝ ለማዞር ሁለት ታዋቂ መንገዶች አሉ። አንደኛው ከቆዳ እስከ ውስጠኛው ሽፋን ቆቡን በሙሉ ውፍረቱ ይቆርጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦማን በተደረጉ ጥናቶች ስለተደገፈ የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲመክር የቆየው ይህን ነው። ሁለተኛው በትራቡ ስም የሚታወቀው ሲሆን፣ ቆቡ ተገልብጦ ከውስጥ በኩል ውስጠኛው ሽፋንና ጠንካራው ንጣፍ ብቻ ይቆረጣል፤ ቆዳውና ጡንቻው አይነኩም። በ2006 ዓ.ም. በአማራ ክልል 1,000 ሕሙማን ለዚህ ንጽጽር ተመዘገቡ፤ የሚሠሩት ባለሙያዎችም በሁለቱ ዘዴዎች እኩል እንዲበቁ ሥልጠና ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ 989ኙ ተገኝተው ታዩ። በገጠር አንድ ዓመት ሙሉ ተከታትሎ ከ1,000 ሰው 11 ብቻ መጉደሉ በራሱ ሊደነቅ የሚገባ ነው፤ በየመንደሩ እየዞሩ፣ በየበሩ ስም እየጠሩ የሄዱት የመስክ ሠራተኞች ስማቸው በጽሑፎቹ አናት ላይ ባይወጣም ቁጥሩ የእነሱ ድካም ነው። ውጤቱ ግልጽ ሆነ፤ በሙሉ ውፍረት በተቆረጡት 22 በመቶ፣ ከውስጥ በተቆረጡት 13 በመቶ ላይ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ነበር። በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሞ የወጣው ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲው እስማኤል ሀብታሙ ነው።

ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ፤ ምናልባትም ከቆረጣው ጥናት ይልቅ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ የታመሙትን ሰዎች ኑሮ ከጤነኞች ጎረቤቶቻቸው ኑሮ ጋር አስተያዩ። ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ቤተሰቦች ይበልጥ ድሆች ሆነው ተገኙ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም የማየት ችሎታቸው ባልተሻሻለላቸው ሰዎች ላይ እንኳ ኑሯቸው መሻሻሉ ታየ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዓይን ሕክምና ስኬቱን በፊደል ሰሌዳ ለክቶ የሚረካ ሙያ ነው። በፊደል ሰሌዳው ላይ አንድም መስመር ያልጨመረች ሴት ከእሳት ፊት ተቀምጣ እንጀራ መጋገር፣ ፀሐይ ላይ ወጥታ ማረም፣ ሌሊት መተኛት ከቻለች ግን ያ ሰሌዳ የሚለካው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይታወቃል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ የሚያጠቃው ሕፃናትን የሚይዙት፣ አፍንጫና ዓይናቸውንም የሚጠርጉት እነሱ ስለሆኑ ነው። ሕሙማን ለምን ወደ ቀዶ ጥገና እንደማይመጡ በዚያው አካባቢ ሲጠየቁም ጎልተው የወጡት መልሶች ጊዜ ማጣት፣ ገንዘብ ማጣትና አጃቢ ማጣት ነበሩ።

ስለ ሌሎቹ የስልቱ ክንዶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የካርተር ማዕከል ከአንበሶች ክለቦችና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በክልሉ ሠርቷል። በምሥራቅ ጎጃም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ብቻ ከ20,000 በላይ መጸዳጃ ጉድጓዶች በቤተሰቦች ጉልበት ተቆፍረዋል። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ወባንና ትራኮማን በአንድ ላይ የሚያክመው ሳምንታዊ ዘመቻ በክልሉ ተካሂዷል፤ የደምቢያን ወረርሽኝ የሚያስታውስ ሰው እነዚህ ሁለት በሽታዎች በአንድ ዘመቻ መገናኘታቸውን እንደ አጋጣሚ አያየውም። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውና በሐይቁ ስም «ጣና» የተባለው ጥናት አዚትሮማይሲን በጅምላ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን አሳየ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ተዋሲው ከ41.9 በመቶ ሕፃናት ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። ማንም ያልጠበቀው ሌላ ውጤትም ወጣ፤ መድኃኒቱ በደረሳቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒቱን የለመዱ የሳንባ ምች ባክቴሪያዎችም በዚያው መጠን በዝተዋል፤ ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በዋግ ኽምራ የውኃና የንጽሕና ሥራ ብቻውን ተዋሲውን ይቀንሰው እንደሆነ የፈተነው ጥናት ግን፣ በ2022 ሲታተም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የጎላ ለውጥ አለማየቱን አስታወቀ። ይህ ውጤት ጉድጓድና ሳሙና አይጠቅሙም ማለት ሳይሆን፣ አውሮፓ በትውልድ ያገኘችው ነገር በሦስት ዓመት አይገኝም ማለት ይመስላል።

ጠባሳው ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል? ኤድዋርድ ዚርም የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1905 በሞራቪያ፣ በኦሎሙትስ ከተማ፣ በኖራ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ላይ የመጀመሪያውን የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ አደረገ። በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ንቅለ ተከላውን ሲሠራ ቆይቷል፤ ለሌላ ኮርኒያ በሽታ ለተዳረጉ ወጣቶች ይህ የብርሃን በር ሆኗል። ለዓይን ማዝ ሕሙማን ግን በሩ ጠባብ ነው። የእንባ ዕጢዎቹ የደረቁ፣ ቆቡ የተጣመመ፣ ጠባሳው የደም ሥር የገባበት ዓይን አዲሱን ኮርኒያ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ሽፋሽፍቱ ካልተስተካከለ አዲሱንም ይፍቀዋል። በለጋሽ እጅ የተገኘ ኮርኒያ ለእንዲህ ያለው ዓይን ማባከን ነው የሚሉ አሉ፤ አነጋገሩ ጭካኔ ቢመስልም ከልምድ የመጣ ነው። በዚህ ምክንያት የጣና ዙሪያ የኮርኒያ ሕክምና ወደ ቆቡ እንዲመለስ ተገዷል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የደረሱት ጦርነቶች ጤና ጣቢያዎችን አውድመዋል፤ ዘመቻዎችም ተቋርጠዋል። መድኃኒት የማይሰጥበት ዓመት ባለፈ ቁጥር ተዋሲው እንደሚመለስ ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ጥናት የታወቀ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባለፉት ሃያ ዓመታት በዘመቻ ቆባቸው የተሠራላቸውና ሽፋሽፍታቸው ዳግመኛ የተቀለበሰባቸው ሰዎች በየገጠሩ አሉ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ቆቡ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ሕብረ ሥጋው ተቆራኝቷልና። ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠነ ነርስ ይህን ይሥራ ወይስ ሕመምተኛዋ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ድረስ ትምጣ የሚለው ጥያቄ በየወረዳው በየራሱ መልክ ይወሰናል። ውሳኔው እስኪደርሳት ድረስ ቤት ውስጥ ያለችው እናት ልጇን ፀሐይ ላይ ታስቀምጥና ወረንጦውን ታቀብለዋለች።